ያልታወጀ ስም

አንድ ስም «የለም» ሲባል የሌለው ምንድን ነው? ጥያቄው የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ነው፤ ዛሬ ግን ከማንም በላይ ደጋግሞ የሚጋፈጠው የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ነው። በጃቫስክሪፕት የተጻፈ፣ የደመወዝ ስሌት የሚሠራ አንድ ፈንክሽን አለ እንበል። በፈንክሽኑ ቅንፍ ውስጥ «ግብር» የሚባል ተለዋዋጭ ታውጇል፤ ዋጋ ተሰጥቶታል፤ ተሰልቶበታልም። ከቅንፉ መዝጊያ በታች ጸሐፊው ያንኑ «ግብር» ጠርቶ ስክሪን ላይ ሊያሳየው ይሞክራል። ማሽኑ ሥራውን አቁሞ ሪፈረንስ ኤረር ያወጣል፤ «ግብር» የሚባል አልተበየነም ይለዋል። ጸሐፊው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም፤ ቃሉ ከላይ ተጽፎ በዓይኑ እያየው ነው። እንግዲህ ማሽኑ የለም ያለው ምኑን ነው? ቃሉን እንዳንል ተጽፏል፤ ቁጥሩን እንዳንል ተሰልቷል። የቀረው ሦስተኛ ነገር ነው፤ ቃሉን ከቁጥሩ ጋር የሚያስተሳስረው ውል። ይህ ውል በቅንፉ ውስጥ ላለ መስመር የጸና ነው፤ ከቅንፉ ውጭ ለቆመ ጠሪ ግን ከመጀመሪያውም አልተገባም። ማሽኑ «የለም» ሲል የሚናገረው ጠሪው ስለቆመበት ቦታ ነው።

ከዚህ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ይወለዳል። «አለ» የምንለውን ቃል በዕለት ንግግራችን ብዙ ጊዜ ቦታ ሳንጠቅስ እንናገረዋለን፤ ያለ ነገር ከየትም ሆነው ቢያዩት ያለ ይመስለናል። በፕሮግራም ጽሑፍ ውስጥ ግን «አለ» ብቻውን ሙሉ ሐሳብ አይሆንም፤ «ከየት ሲጠራ?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። ስኮፕ የሚባለው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው። ፍቺውን ጠበብ አድርገን ብናስቀምጠው፣ ስኮፕ ማለት አንድ ስም ያንኑ አንድ ነገር እያመለከተ የሚዘልቅበት የጽሑፍ ክልል ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ባሉ ቤቶች ሁሉ ልጆች «አባዬ» ብለው ይጣራሉ፤ በእያንዳንዱ ቤት ቃሉ የሚያመለክተው አንድ ሰው ነው፤ ማንም አይምታታበትም፤ ቃሉ ትርጉሙን የሚያገኘው ከግድግዳው ነው። ሐሳቡ ከኮምፒውተር ይቀድማል። ጎትሎብ ፍሬገ እ.ኤ.አ. በ1879 ባሳተመው የሎጂክ ሥራ «ለማንኛውም ነገር» የሚለው አባባል የሚገዛው ከየት እስከ የት እንደሆነ በምልክት ለይቶ አሳይቷል፤ ወሰኑ ያልታወቀ ተለዋዋጭ እውነትም ሐሰትም ሊባል የማይችል ዐረፍተ ነገር ያስከትላል። ወሰን ከትርጉም በኋላ የሚመጣ አጥር ነው ብለን ካሰብን ነገሩን ገልብጠነዋል። ወሰን ሲሰመር ነው ትርጉም የሚጀምረው።

የወሰኑ አቅጣጫ ሌላ እንቆቅልሽ ያመጣል። በውስጥ ያለ መስመር ወደ ውጭ ያያል፤ በውጭ ያለ መስመር ወደ ውስጥ አያይም። ፈንክሽን ውስጥ ያለ ኮድ አንድን ስም ሲፈልግ መጀመሪያ የራሱን ክልል ይመረምራል፤ ካጣው ወደሚያቅፈው ክልል ይወጣል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው፤ በመጨረሻ ሁሉን ወደሚያቅፈው ግሎባል ክልል ይደርሳል፤ እዚያም ካጣው «አልተበየነም» ይላል። መውጣት አለ፤ መውረድ የለም። ትንሹ ትልቁን ሲያይ ትልቁ ትንሹን ለምን አያይም? ትልቅነትን ሁሉን ከማየት ጋር ለለመደ አእምሮ ይህ ሚዛኑ የተዛባ ሥርዓት ይመስላል። መልሱ የሚገኘው ግን ነገሩን ከሥልጣን ወደ ኃላፊነት ሲያዞሩት ነው። አንድን ተለዋዋጭ ሊያይ የሚችል መስመር ሁሉ፣ ቋንቋው ካልከለከለው በቀር፣ ሊለውጠውም ይችላል። ስለዚህ የአንድ ስም ክልል ስፋት፣ በዚያ ስም ላይ ጥፋት ሲደርስ ልንጠረጥራቸው የሚገቡ መስመሮች ብዛት ነው። ክልሉ ጠባብ ከሆነ ጥቂት መስመር አንብበን እርግጠኛ እንሆናለን፤ ግሎባል ከሆነ ግን ፕሮግራሙን በሙሉ፣ ሌሎች ሰዎች የጻፉትንም ጭምር፣ ሳናነብ እርግጠኛ መሆን አንችልም። ወሰን የሚጠብቀው እንግዲህ ምሥጢርን ብቻ አይደለም፤ የሰውን የማወቅ ዐቅም ነው። አእምሯችን ውስን ስለሆነ ስሞቻችንም ውስን እንዲሆኑ ግድ ይላል።

ታዲያ ስም እንዴት ይወለዳል? ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በሜይ 1995 በኔትስኬፕ ኩባንያ የጃቫስክሪፕትን የመጀመሪያ ቅርጽ በ10 ቀን ሲሠራ፣ ቋንቋው ሙያቸው ፕሮግራም መጻፍ ላልሆነ ሰዎችም እንዲቀል ታስቦ ነበር። ከዚያ ልግስና የመነጨ አንድ ደንብ ግን ዛሬም ያስገርማል። ያልታወጀን ስም ዋጋውን ለማንበብ ቢጠሩት ስህተት ነው፤ ለዚያው ላልታወጀ ስም ዋጋ ቢሰጡት ግን ስህተት የለም፤ ስሙ በዚያች ቅጽበት ይፈጠራል፤ የሚፈጠረውም በግሎባል ክልል ነው። የሌለውን መጠየቅ ጥፋት ሆኖ ሳለ የሌለውን መለወጥ ፍጥረት ሆነ። ይህን ደንብ የሚደግፈው ክርክር ተራ ክርክር አይደለም። አንድ ሰው ለአንድ ቃል ዋጋ ሲሰጥ፣ ቃሉ እንዲኖር መፈለጉን ከዚህ በላይ በምን ይግለጽ? ፈቃዱ በድርጊቱ ታይቷል፤ ፈቃዱን ደግሞ በአዋጅ እንዲናገር መጠየቅ ሥርዓት ማብዛት ነው ይባላል። መኖር በሥራ ከታወቀ የምስክር ወረቀት ለምን ያስፈልገዋል?

ክርክሩን የምታፈርሰው አንዲት ፊደል ናት። ጃቫስክሪፕት የግዕዝ ፊደልን ለተለዋዋጭ ስም ይቀበላል፤ ስለዚህ ምሳሌውን በራሳችን ጽሕፈት ማየት እንችላለን። አንድ ጸሐፊ «ዓመት» ብሎ ላወጀው ተለዋዋጭ ወረድ ብሎ አዲስ ዋጋ ሲሰጥ «አመት» ብሎ ቢጽፈው፣ ለአማርኛ አንባቢ ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው፤ በድምፅም በትርጉምም አይለዩም። ለማሽኑ ግን ዐይኑ «ዓ» እና አልፋው «አ» እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር የተሰጣቸው ባዕድ ፊደላት ናቸው። ከላይ ባየነው ደንብ ማሽኑ «አመት»ን አዲስ ስም አድርጎ ይፈጥረዋል፤ «ዓመት» የቀድሞ ዋጋውን እንደያዘ ይቀራል፤ ፕሮግራሙ እስከ መጨረሻው ይሮጣል፤ ውጤቱ ሐሰት ይሆናል፤ የሚናገር የለም። ማሽኑን በዚህ መውቀስ ይቻል እንደሆነ በፍትሕ እንመርምረው። በፊቱ የቀረበለት ለአንድ ስም ዋጋ ሲሰጥ ነው። ይህ ድርጊት አዲስ ስም የመፍጠር ፈቃድ ሊሆን ይችላል፤ የቀድሞውን ስም ለመጥራት ታስቦ የተሳሳተ ጽሕፈትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በገጹ ላይ አንድ መልክ አላቸው። ልዩነታቸው ያለው በጸሐፊው ልብ ውስጥ ነው፤ ማሽን ደግሞ ልብ አያነብም።

ስለዚህ ስህተትን ከፍጥረት የሚለየው ምልክት ከድርጊቱ በፊት መቀመጥ አለበት፤ አዋጅ ማለትም ይኸው ነው። ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ ላይ ላዩን ሲያዩት እንግዳ ነው፦ አዋጅ በሌለበት ቋንቋ ስምን መሳሳት አይቻልም። ማንኛውም ቃል ተቀባይነት ካለው የትኛውም ቃል ስህተት ሊባል አይችልም። ስህተቱ ከፕሮግራሙ አልጠፋም፤ የጠፋው ስህተት ተብሎ የመጠራት ዕድሉ ነው። አዋጅን የሚጠሉ ሰዎች «ኤረር ያበዛብናል» ሲሉ እውነት ይናገራሉ፤ የሚበዛው ግን ጥፋቱ ሳይሆን የጥፋቱ መታወቅ ነው። ባሽ በሚባለው የትእዛዝ ቋንቋ ያልታወጀ ስም በዝምታ እንደ ባዶ ጽሑፍ ይቆጠራል። የአንድን ፎልደር ይዘት እንዲያጠፋ የታዘዘ ስክሪፕት የፎልደሩን አድራሻ የያዘውን ስም በአንዲት ፊደል ቢስት፣ ባዶው ጽሑፍ በአድራሻው ቦታ ገብቶ ትእዛዙ ከዲስኩ ሥር ጀምሮ ሊያጠፋ ይችላል፤ ማሽኑም የታዘዘውን በታማኝነት ፈጽሟል። የስክሪፕት ቋንቋዎች ታሪክ ከዚህ ዝምታ ቀስ በቀስ የመውጣት ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። ላሪ ዎል እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ፐርል በ1994 በአምስተኛው እትሙ «ማይ» የሚለውን የአዋጅ ቃል አመጣ፤ «ዩዝ ስትሪክት» ብሎ የጀመረ ጸሐፊ ያላወጀውን ስም ቢጽፍ ፕሮግራሙ ገና ሳይሮጥ ይመለስበታል። ጃቫስክሪፕትም በ2009 ስትሪክት ሞድን ተቀበለ፤ በዚህ ሥርዓት ላልታወጀ ስም ዋጋ መስጠት ራሱ ሪፈረንስ ኤረር ሆነ። ሁለቱም በልግስና ጀምረው ወደ ጥብቅነት የመጡት ለዓመታት ከተሠራባቸው በኋላ ነው።

ይህን ካልን በኋላ ወደ «የለም» እንመለስ፤ «የለም» አንድ ዓይነት አይደለምና። ጃቫስክሪፕት ቢያንስ ሦስት ዓይነት አለመኖርን ለይቶ ያውቃል። የመጀመሪያው ከቶ ያልታወጀ ስም ነው፤ ሲጠራ መልስ የለውም። ሁለተኛው ታውጆ ዋጋ ያልተሰጠው ስም ነው፤ ሲጠራ «አንዲፋይንድ» የሚባል ልዩ ዋጋ ይመልሳል። ሦስተኛው አዋጁ በዚያው ክልል ውስጥ የተጻፈ፣ ነገር ግን የፕሮግራሙ ሩጫ ገና ያልደረሰበት ስም ነው፤ ሲጠራ «ከመጀመሩ በፊት ልትነካው አትችልም» የሚል ስህተት ይነሣል። ጀማሪ ሦስቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ የብዙ ሰዓት ድካሙም የሚመጣው ከዚህ ነው፤ የጠፋውን ነገር ሳይለይ ፍለጋ ስለሚወጣ። ጥንታዊው ግሪካዊ ፓርሜኒደስ የሌለ ነገር ሊታሰብም ሊነገርም አይችልም ብሎ ነበር። በርትራንድ ራስል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1905 «የአሁኑ የፈረንሳይ ንጉሥ መላጣ አይደለም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አንሥቶ፣ ፈረንሳይ ንጉሥ በሌላት ጊዜ ይህ ንግግር እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ ጠየቀ። መልሱ «አይደለም» የሚለው ቃል በሚገዛው ክልል ላይ ያርፋል፦ ንጉሥ አለ፣ መላጣ ግን አይደለም ማለት ከሆነ ሐሰት ነው፤ መላጣ የሆነ የፈረንሳይ ንጉሥ የለም ማለት ከሆነ እውነት ነው። የመኖርና ያለመኖር ጥያቄ ጠበቅ አድርገው ሲይዙት የወሰን ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። አለመኖር ፓርሜኒደስን ያስጨነቀው ወሰን ሳይሰጠው ስለያዘው ይመስለኛል።

ከሦስቱ በጣም የሚያስደንቀው ሦስተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቀው የጃቫስክሪፕት ስታንዳርድ «ሌት» እና «ኮንስት» የሚባሉ የአዋጅ ቃላትን አመጣ። በእነዚህ ቃላት የታወጀ ስም ክልሉ ከተከፈተበት ቅንፍ አንሥቶ አዋጁ እስከተጻፈበት መስመር ድረስ ታውቆም የማይነካ ነው፤ ፕሮግራመሮች ይህን መካከል «ቴምፖራል ዴድ ዞን» ይሉታል። በውጭው ክልል ተመሳሳይ ስም ቢኖር እንኳ በዚህ መካከል ያለ ጠሪ ወደዚያ አይሻገርም፤ ገና ያልመጣው ስም የመጣውን ጋርዶታል። የአንድን ስም ዓይነት የሚጠይቀው «ታይፕኦፍ» የሚባለው ቃል፣ ከቶ ያልታወጀ ስም ሲሰጡት በሰላም «አንዲፋይንድ» ብሎ ይመልሳል፤ ታውጆ ሰዓቱ ያልደረሰ ስም ሲሰጡት ግን ስህተት አንሥቶ ይቆማል። ስለማይኖረው ነገር መጠየቅ ከጉዳት የራቀ ሆኖ፣ ሊኖር ስላለው ነገር መጠየቅ ፕሮግራሙን ያስቆማል። ለምን? የቋንቋውን ሠሪዎች ያስጨነቃቸው በተለይ ኮንስት ነው። ፈጽሞ አይለወጥም የተባለ ስም መጀመሪያ «አንዲፋይንድ» ሆኖ ቢታይ፣ በኋላም እውነተኛ ዋጋውን ይዞ ቢታይ፣ ሁለት መልክ ታይቶበታልና የጽናት ቃሉን አፍርሷል። ቃሉን ከሚያፈርስ ዝም ቢል ይሻላል ተባለ። «ገና ነው» የሚለው መልስ «የለም» ከሚለው ይለያል። የለም ማለት ፍለጋውን ይዘጋል፤ ገና ነው ማለት ግን የጠሪውን ሰዓት ያርማል።

ይህ ነገር ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። በኋላ የሚጻፍ መስመር ቀድሞ በተጻፈ መስመር ላይ እንዴት ይገዛል? ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ውስጥ ይህ ጎልቶ ይታያል። አንድ ፈንክሽን ከውጭው ክልል «ድምር» የሚለውን ስም አንብቦ ያለ ችግር ያሳያል። ጸሐፊው በፈንክሽኑ መጨረሻ ለ«ድምር» አዲስ ዋጋ የሚሰጥ አንድ መስመር ቢጨምር፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በሰላም ይሠራ የነበረው ከላይ ያለው ንባብ «አንባውንድ ሎካል ኤረር» ብሎ ይወድቃል። የወደቀው ያልተነካው መስመር ነው። ጸሐፊው ሲያየው ግፍ ይመስለዋል፤ ጥፋቱ ከታች ሳለ ቅጣቱ ከላይ ወርዷልና። ግፍ አለመሆኑን የምናየው ፕሮግራም ሁለት ጊዜ እንዳለው ስንረዳ ነው፦ የሚነበብበት ጊዜ አለው፤ የሚሮጥበትም ጊዜ አለው። በሚነበብበት ጊዜ ጽሑፉ ሁሉ በአንድነት በማሽኑ ፊት ይዘረጋል፤ በኋላና በፊት የለም፤ የትኛው ስም የየትኛው ክልል እንደሆነ የሚወሰነው በዚህ ጊዜ ነው። በሚሮጥበት ጊዜ ግን መስመር በመስመር ይኬዳል፤ ዋጋ የሚሰጠው በዚህ ጊዜ ነው። አዋጅ የመጀመሪያው ጊዜ ልጅ ነው፤ ዋጋ የሁለተኛው። ጸሐፊው ኮዱን ሲጽፍ በልቡ የሚያስኬደው ሁለተኛውን ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ከላይ ወደ ታች እየሄደ «እስካሁን አልተለወጠም» ይላል፤ ማሽኑ ደግሞ ከመጀመሪያው ጊዜ ተነሥቶ «ይህ ስም የዚህ ክልል ነው ብለሃል» ይለዋል። በእኔ እምነት የአብዛኞቹ የስኮፕ ስህተቶች ምንጭ ይህ ነው፦ የንባብን ጊዜ ከሩጫ ጊዜ ጋር ማምታታት።

ከጊዜ ወደ ቦታ ስንመለስ ደግሞ የስም ትርጉም በተጻፈበት ቦታ ይወሰን ወይስ በተጠራበት የሚል ክርክር ይጠብቀናል። ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1958 በጀመረው ሊስፕ የመጀመሪያ ዘመን፣ ፈንክሽን ውስጥ ያለ ነጻ ስም፣ ማለትም እዚያው ያልታወጀ ስም፣ ትርጉሙን ያገኝ የነበረው ከጠሪው ነው፤ አንዱ ሲጠራው አንድ ነገር፣ ሌላው ሲጠራው ሌላ ነገር ይሆናል። አልጎል 60 ግን ትርጉሙን በተጻፈበት ብሎክ አሰረው፤ ጀራልድ ሳስማንና ጋይ ስቲል በ1975 የሠሩት ስኪምም ይህንኑ ሥርዓት ወደ ሊስፕ ቤተሰብ አመጣው። ፐርል ሁለቱንም ይዟል፤ «ማይ» በተጻፈበት ቦታ ይታሰራል፤ «ሎካል» የግሎባሉን ዋጋ ለጊዜው ለውጦ ለሚጠራቸው ፈንክሽኖች ሁሉ ያሳያል። ከጠሪው ጋር የሚለዋወጥ ስም ለሁኔታው የሚታዘዝ፣ ተግባቢ ስም ይመስላል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ የተጻፈውን በማንበብ ብቻ ትርጉሙን ማወቅ አይቻልም፤ ወደፊት ማን እንደሚጠራው መተንበይ ያስፈልጋል። ንግግርን ከተናጋሪው ቦታ ነጥቆ በደረሰበት ሁሉ አዲስ ትርጉም የሚሰጥ ሥርዓት ማንንም በቃሉ ሊያስር አይችልም። ዛሬ በስፋት የሚሠራባቸው ቋንቋዎች አብዛኞቹ የተጻፈበትን ቦታ መምረጣቸው ትክክል ነው እላለሁ፤ ጽሑፍ ምስክር ሊሆን የሚችለው ቆሞ ሲነበብ ያንኑ ሲናገር ብቻ ነው።

በተጻፈበት መታሰር ግን ሞትንም የሚሻገር ውጤት አለው። አንድ ፈንክሽን በውስጡ ሌላ ፈንክሽን ወልዶ ቢመልስና ሥራውን ቢጨርስ፣ የውጭው ፈንክሽን ክልል አብሮ የሚጠፋ ይመስላል፤ አይጠፋም። የተወለደው ፈንክሽን ያያቸው የነበሩትን ስሞች ይዟቸው ይወጣል፤ እርሱ እስካለ ድረስ እነርሱም አሉ። ክሎዠር የሚባለው ይህ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው አባባላችን እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ይዞ የወጣው ግን ስሙን እንጂ በዚያች ሰዓት የነበረውን ዋጋ አይደለም፤ ብዙዎች የሚሰናከሉትም እዚህ ነው። «ቫር» በሚባለው የድሮ አዋጅ ከ0 እስከ 2 የሚቆጥር ሉፕ ጽፈን በየዙሩ ቆይቶ ቁጥሩን የሚያሳይ ፈንክሽን ብንፈጥር፣ ሦስቱም 3 ይላሉ፤ ሁሉም የያዙት አንድን ስም ነውና፣ ሲናገሩም ስሙ የደረሰበትን የመጨረሻ ዋጋ ይናገራሉ። «ሌት» ብለን ብናውጅ 0፣ 1፣ 2 ይላሉ፤ ለእያንዳንዱ ዙር አዲስ ስም ይወለዳልና። የተለወጠው አንድ የአዋጅ ቃል ነው፤ በእርሱ የተለወጠው ግን ስንት ነገር አለ ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው። አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ታየ ወይስ ሦስት ነገሮች ታዩ? ዓይን ይህን አይለይም፤ የሚለየው አዋጁ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ሳንመዝነው ማለፍ አይገባም። ፓይተን የአዋጅ ቃል ሳይጠይቅ፣ ለስም ዋጋ መስጠትን ራሱን እንደ አዋጅ ቆጥሮ ትልልቅ ሥራ ይሠራበታል። እንግዲህ አዋጅ ግድ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም? ደግሞስ የታወጀ ስም ሁሉ መልካም ስም ነውን? «ሀ1» ብሎ በሥርዓት ያወጀ ሰው ኤረር አያይም፤ አንባቢው ግን ምንም አይረዳም። ሁለቱም ተቃውሞዎች እውነት አላቸው። አዋጅ ለትርጉም አስፈላጊ ነው እንጂ በቂ አይደለም፤ ማሽኑ የሚጠብቀው ስሙ መታወቁን ነው፤ ስሙ እውነት መናገሩን መጠበቅ የጸሐፊው ፋንታ ነው። ፓይተንን በሚመለከት ግን አስተውለን እንይ። በዚያ ቋንቋ ዋጋ የተሰጠው ስም የሚወለደው በራሱ ፈንክሽን ክልል ውስጥ ነው፤ የድሮው ጃቫስክሪፕት እንዳደረገው ወደ ግሎባል አይፈስም። የራስ ያልሆነን፣ በውጭው ክልል ያለን ስም መለወጥ የፈለገ ሰው ግን «ግሎባል» ብሎ፣ ከ2008ቱ ሦስተኛ እትም ወዲህም «ኖንሎካል» ብሎ አስቀድሞ መናገር አለበት። አዋጁ አልተሰረዘም፤ ቦታው ተቀየረ እንጂ። በራስ ክልል ያለ አዋጅ መፍጠር ተፈቀደ፤ የሌላውን ክልል ያለ አዋጅ መንካት ተከለከለ። ፓይተንና ስትሪክት ሞድ ያለው ጃቫስክሪፕት በተለያየ መንገድ ሄደው ስም ሳይታወቅ ወደ ግሎባል እንዳይፈስ መከልከላቸው፣ ነገሩ ከቋንቋ ሠሪዎች ምርጫ የጠለቀ መሆኑን ያስረዳል።

እንግዲህ ፍርዱን እንናገር። ስም የነገሩ ንብረት አይደለም፤ ስም በተወሰነ ክልል ውስጥ ላሉ አንባቢዎች የተገባ ቃል ነው። አዋጅ ይህን ቃል የመግባት ድርጊት ነው፤ ስኮፕ ቃሉ የሚያስረው ክልል ነው፤ ኤረር ደግሞ ማንም ያልገባውን ቃል እንደ ተገባ ቆጥሮ የመጣ ሰው የሚሰማው እውነተኛ መልስ ነው። ቃል በሌለበት መሳሳት አይታወቅም፤ መሳሳት በማይታወቅበት ደግሞ ትክክል መሆንም አይታወቅም። አንባቢ ሆይ፣ ማሽኑ «አልተበየነም» ሲልህ የጠፋውን ዋጋ ከመፈለግህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ይህን ስም ማን አወጀው? ቃሉ የሚጸናው እስከ የት ነው? እኔ የጠራሁት ከየትና በየትኛው ሰዓት ነው? ስትጽፍም ከመጥራትህ በፊት አውጅ፤ ስታውጅ በሚበቃው በጠባቡ ክልል አውጅ፤ ስትሪክት ሞድ ያለው ቋንቋ ከሆነ ሳትታክት ክፈተው። ፈጥኖ የሚያቆምህ ቋንቋ ዝም ብሎ ከሚያሳልፍህ ይሻላል።